ካርድ እንጂ ካርታ አልነበረም

ካርዶቼን ያቃጠለችብኝ ወርቅነሽ ናት። ሪቻርድሰን በምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ መንገዱ ሁሉ በረዶ ሆኖ ትምህርት ቤት በተዘጋበት በዚያ የጃንዋሪ ሳምንት፣ እኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ አባቴ ቤት በሌለበት ቀን። ይህን ገና ከመጀመሪያው የማሰፍረው፣ ስለ እሷ ብዙ ሲወራ ሰምቼ ይህ ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ ሲነሳ ስላልሰማሁ ነው። የተቀበረች ዕለት መድረክ ላይ የወጡት ሁሉ የእናት አልባዎች እናት ነበረች አሉ። ከኋላ ተቀምጬ አዳመጥኩ። በዚያ ቤት ያደገችው እናት አልባ እኔ ነበርኩ፤ ማንም ግን አልጠየቀኝም።

አሁን የምኖረው ሳክሲ ነው፣ ከሪቻርድሰን ብዙ የማይርቅ፣ ሰው ከሥራ ገብቶ ጋራዡን ከዘጋ በኋላ ድምፁ የማይሰማበት ሰፈር። ያለፈው ወር ጎረቤቴ የልጆቹ የገና ስጦታ የመጣበትን ካርቶን ሁሉ ጓሮው ውስጥ ሰብስቦ እሳት ለኮሰበት። ተራ ወረቀት ሲቃጠል የሚሸተው ደረቅ ሽታ ነው፤ ቀለም የጠጣና የሚያብረቀርቅ ካርቶን ሲቃጠል ግን ጎማም የተቃጠለ ስኳርም የሚመስል፣ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ የሚቀር ነገር አለው። ቆሻሻ ላወጣ በሩን ከፍቼ ነበር። ወዲያው መልሼ ዘጋሁት፤ ሽታው ግን ቀድሞኝ ገብቷል። ያን ቀን እራት አልበላሁም።

ወርቅነሽ የአባቴ የአክስት ልጅ ናት፤ በአሥር ዓመት ያህል ትበልጠው ነበር። እናቴ ከሞተች በኋላ እኔንና አባቴን ስፖንሰር አድርጋ ወደዚህ አገር ያመጣችን እሷ ናት። ይህን አልክድም፤ ልካድ ብልም በየሳምንቱ ስለምታስታውሰን አይቻልም ነበር። አፓርትመንቷ ፎቅ ላይ ሆኖ ሁለት መኝታ ቤት ነበረው፤ አንዱ የእሷ፣ ሌላው የጸሎት ክፍል። እኔ የምተኛው ጸሎቱ ሲያበቃ በጸሎቱ ክፍል ወለል ላይ ነው፤ ፍራሼ የሚዘረጋው የጸሎት ቡድኗ ሰዎች ተንበርክከው በተነሱበት ቦታ ስለነበር ረቡዕ ረቡዕ ምንጣፉ ገና የጉልበታቸው ሙቀት ሳይለቀው እጋደምበት ነበር። አባቴ ሳሎን ሶፋ ላይ ይተኛል። ፍሪጁ ውስጥ የእኛ መደርደሪያ የታችኛው ነው። ቴሌቪዥን ለዜና ብቻ ይከፈታል፣ ዜናው ሲያልቅም ራሷ ትዘጋዋለች። ዓለማዊ የምትለው ነገር በሯን እንዳያልፍ የምትቆጣጠረው እንደ ኤርፖርት ፈታሽ ነበር፤ አንድ የማይስማማት ነገር ስታይም ቁጣዋን በአንድ አባባል ትጨርሰዋለች፦ ይህ ቤት የጸሎት ቤት ነው፣ ያልተስማማው በሩ ክፍት ነው። የሄድን እንደሆነ የምንገባበት ሌላ በር እንደሌለን ሦስታችንም እናውቅ ነበር።

አባቴ ግሬፕቫይን ውስጥ፣ ከኤርፖርቱ አጠገብ ካሉት ሆቴሎች የአንዱን ሸትል፣ መንገደኛ ከኤርፖርት የሚያመላልሰውን መኪና፣ ይነዳ ነበር። በሆቴሉ ትልቁ አዳራሽ አንዳንድ እሁድ የቤዝቦል ካርድ ገበያ ይቆማል። ትልልቅ ሰዎች፣ አባቴ እንደሚለው ሚስትና ልጅ ያላቸው ሰዎች፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የአንዲት ካርቶን ጠርዝ እንደ ወርቅ አንጥረኛ ሲመረምሩ ይውላሉ። ፊት ለፊቷ ላይ ተጫዋቹ፣ ጀርባዋ ላይ የተወለደበት ከተማና የጨዋታ ቁጥሩ ያለባት፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ካርድ ናት። የታወቀ ሰው ያለባት ትፈለጋለች፤ ያልታወቀውን ግን ማንም አይፈልገውም። ገበያው ሲበተን እነዚያ የማይፈለጉት በየጠረጴዛው ሥር በካርቶን ሙሉ ይቀራሉ፣ የጽዳት ሠራተኞቹም ይጥሏቸዋል። አባቴ አንድ ቀን ሳይጣሉ ልውሰዳቸው ወይ ብሎ በእጁ ጠየቀ፤ በእጁ የምለው በአማርኛ ቀልደኛ የነበረው አባቴ በእንግሊዝኛ ዲዳ ስለነበር ነው። በሆቴሉ የልብስ ማጠቢያ ከረጢት ሞልቶ አመጣልኝ። ከዚያ በኋላ ገበያ በቆመ ቁጥር ያመጣ ነበር።

ወርቅነሽ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ውስጥ የከሰዓት ፈረቃ ትሠራ ስለነበር፣ እኔና አባቴ ብቻችንን የምንሆንባቸው ምሽቶች ነበሩ። እሷ ከመምጣቷ በፊት ካርዶቹን የማጠራቅምበትን የአይስክሬም ባልዲ ከሶፋው ሥር ስበን ምንጣፉ ላይ እንገለብጠዋለን። ካርዶቹ ከማስቲካ ጋር ታሽገው የተሸጡ ስለነበሩ የድሮ ማስቲካ ሽታ ነበራቸው፣ ከአንዳንዶቹ ላይ የማስቲካው ዱቄት ገና አልረገፈም። አባቴ ስለ ጨዋታው አንድም ነገር አያውቅም፤ የገና ጨዋታ ነው፣ ፈረንጅ ዳኛ ጨመረበት እንጂ፣ ብሎ ደምድሟል። እንደ ሌላው ሰው በቡድን ወይም በዓመት መደርደር አልፈለገም። በመልክ ደረደራቸው። ፊታቸው ላይ የብረት ጭምብል ያደረጉትን፣ ቁጢጥ ብለው ኳስ የሚቀበሉትን፣ ማር ቆራጮች አላቸው፣ ንብ እንዳይነድፋቸው የተሸፈኑ ይመስላሉ ብሎ። ኳስ ሊወረውሩ አንድ እግራቸውን ወደ ላይ ያነሱት በቅሎዎች ሆኑ። ሸብተው፣ ቦርጭ አውጥተው እንደ ልጅ ቁምጣ መሰል ሱሪ የለበሱት አሠልጣኞች ሽማግሌዎች ተባሉ፣ እርቅ ተቀምጠው የተጣሉትን የረሱ ሽማግሌዎች። ትምባሆ ጎርሰው አንድ ጉንጫቸው እንደ እንቁላል ያበጠው ደግሞ ጫት ቃሚዎች ነበሩ፤ እነሱን ሲያይ አባቴ እስኪያነባ ይስቃል፣ ይሄኔ ምርቃና ላይ ነው፣ ኳሱ ሁለት ሆኖ እየታየው ነው፣ ይለኛል። እኔ የጀርባውን ጽሑፍ አነብለታለሁ። ከቁጥሩ አንዱንም አይሰማም፤ የሚጠይቀኝ የት እንደ ተወለደ ብቻ ነው። የማናውቀውን የደሴት ከተማ ስም ስጠራለት ካርዷን ተቀብሎ ወደ መብራቱ ያስጠጋትና፣ ይሄ ሰውዬ የጅማ ሰው ነው ብልሽ ትክጃለሽ፣ ይላል። እንግሊዝኛ ማንበብ የተማርኩት ከእነዚያ ጀርባዎች ነው። አባቴን ያወቅሁትም እዚያው ነው።

የዚያ ዓመት በረዶ የመጣው በዝናብ ነው። በዚህ አካባቢ፣ በሰሜኑ የአሜሪካ ክፍል እንዳለው እንደ ጥጥ እየተንሳፈፈ አይወርድም፤ መጀመሪያ ዝናብ ይሆናል፣ መሬት ሲነካ በረዶ ይሆናል፣ ሲነጋ መንገዱም ደረጃውም የዛፉ ቅርንጫፍም በመስታወት ተለብጦ ይገኛል። ከላዩ ላይ ትንሽ በረዶ ነሰነሰበት። አባቴ በዋዜማው ለሥራ እንደ ወጣ ግሬፕቫይን ቀረ። አውሮፕላን የተሰረዘባቸው መንገደኞች ሆቴሉን ስለሞሉት፣ ሠራተኞቹ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ እያደሩ ነው ብሎ ደወለ፤ ሙቀቱስ ግሩም ነው፣ ከሶፋው ይሻላል፣ አለ።

«መቼ ነው የምትመጣው አባባ?» አልኩት።

«በረዶውን ጠይቂው» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰኑ፣ ማር ቆራጮቹን አደራ።»

ስሜ ሰናይት ነው። ሰኑ የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የነበሩት ቀናት፣ እውነቱን ልናገርና፣ በዚያ ቤት ከኖርኩባቸው ቀናት ሁሉ የተሻሉ ነበሩ። ትምህርት የለም። ወርቅነሽ መኪናዋን ከፓርኪንጉ ማውጣት አቅቷት ከሥራ ስለቀረች መኝታ ቤቷ ውስጥ ስልክ ላይ ናት። እኔ የጸሎቱን ክፍል ዘግቼ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ካርዶቹን በመስኮቱ ሥር በረድፍ በረድፍ እዘረጋቸዋለሁ። የውጭው ብርሃን ከበረዶው ላይ ተንጸባርቆ ከታች ወደ ላይ ይገባል፣ ስለዚህ ኮርኒሱ ነጭ ነው፣ የካርዶቹ ፊትም ያበራል። በየካርዱ ላይ በጋ ነው፤ ሣሩ አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩ ሰማያዊ ነው፣ ሰዎቹ በፀሐይ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ቅርንጫፍ እየተሰበረ ሲወድቅ እንደ ብርጭቆ ይንኮሻኮሻል። ማር ቆራጮቹን ከበቅሎዎቹ እለያለሁ፣ የትኛው ወገን እንደሆነ ያልገባኝን አባቴ ሲመጣ እንዲፈርድበት ለብቻው አስቀምጣለሁ። ብቸኝነት አልተሰማኝም። ብዙ ሰው ነበረኝ።

ከዚያ መብራት ጠፋ። ማሞቂያውም አብሮ ሞተ፤ በዚያ ቤት ሙቀት የሚሰጥ ነገር ሳሎን ውስጥ ያለው፣ በአሜሪካ አፓርትመንት ለጌጥ የሚሠራው ትንሽ የእሳት ምድጃ ብቻ ሆነ። ወርቅነሽ ከአንድ ቀን በፊት ከታች ጎረቤት የለመነችውን እንጨት አነደደችበትና ብርድ ልብሶቿን ሰብስባ መኝታ ቤቷ ገብታ ተኛች። ጣቶቼ ደንዝዘው ካርድ መያዝ ሲያቅታቸው ባልዲዬን ይዤ ሳሎን ወጣሁ። በእሳቱ ፊት ዘረጋኋቸው። ቀኑ ገና ከሰዓት በኋላ ነበር። ስትነሳ አልሰማኋትም፤ ካልሲ ደርባ ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ካርድ ነው እትዬ።»

«የምን ካርድ?»

«የቤዝቦል።»

በእሷ አማርኛ ካርድ ማለት የትምህርት ቤት ውጤት ነው፣ ወይም የሐኪም ቤት፣ ወይም አረንጓዴው የመኖሪያ ፈቃድ። ሥዕል ያለበት፣ የሚያብረቀርቅ፣ በረድፍ ምንጣፍ ላይ የሚዘረጋ ነገር ስሙ አንድ ነው።

«ካርታ ነው» አለች። «በቤቴ ካርታ ትዘረጊያለሽ?»

«አይደለም እትዬ፣ ካርታ አይደለም። ማለቴ፣ አይጫወቱበትም። ስም አላቸው ሁሉም። ይኸውልዎት፣ እነዚህ ማር ቆራጮቹ ናቸው። እነዚህ ደግሞ ጫት ቃሚዎቹ።»

ላሳምናት ብዬ ነው የነገርኳት። ያ ስም ያለ አባቴ ሳቅ ሲነገር ምን እንደሚሆን ልጅ ነበርኩና አልገባኝም።

«ጫት ቃሚዎቹ» አለች ቀስ ብላ። አልጮኸችም። ወርቅነሽ ስትቆጣ አትጮህም ነበር፣ እንደምትጸልይ ድምፅዋን ታለሰልሳለች። «ማን ሰጠሽ?»

እሳቱን አየሁ። አባቴ ነው ብዬ ብናገር ያቺን የለመደችውን አባባል እንደምታወጣት አውቅ ነበር፤ እሱም ሻንጣውን ተሸክሞ በዚያ መስታወት መንገድ ላይ ሲንሸራተት ይታየኝ ነበር።

«እሺ፣ ዝም በይ። አባትሽ ይምጣና እሱ ራሱ ያውጣጣሻል።»

ከዚያ ተንበረከከችና በሁለት እጇ እያፈሰች ወደ ምድጃው ትከታቸው ጀመር፣ በየእፍኙ በኢየሱስ ስም እያለች። ቶሎ አልተቃጠሉም። ጠርዛቸው መጀመሪያ ይጠቀለላል፣ ላያቸው እንደ ቆዳ ይፈላል፣ ከዚያ አረንጓዴና ሰማያዊ ነበልባል ያወጣሉ፣ ሰዎቹ አንድ ጊዜ ብልጭ ብለው ታይተው ይጠቁራሉ። ጭሱ ወደ ቤት ተመለሰ፣ ሁለታችንም አስለን ዓይናችን አነባ። ልቅሶ መሰላትና ጌታ ልብሽን እየነካው ነው አለችኝ። በዚያ ብርድ ለማሞቅ እንኳ አልጠቀሙም። አልከለከልኳትም፣ አልለመንኳትም፣ አልረዳኋትም። ባዶውን ባልዲ ይዤ ቆምኩ።

ሲያልቅ ስልክ አነሳች። መብራት ቢጠፋም ስልክ ይሠራ ነበር። መንገድ ስለተዘጋ የጸሎት ቡድኑ በዚያ ሳምንት የሚገናኘው ሦስት ሦስት ሆኖ በአንድ የስልክ መስመር ነው። የወንድሜ ልጅ ከካርታና ከጫት ጋር ተያዘች ብላ ነገረቻቸው፤ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ካርታው ተረስቶ ጫቱ ቀረ፣ በሚቀጥለው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ቃሚ ነበርኩ። ጸለዩልኝ። እጀታውን ጆሮዬ ላይ አደረገችውና አንድ የማላውቀው ሰው በደግ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ነፃ ወጥተሻል፤ አሜን በይ» አለኝ። ወርቅነሽ እጀታውን ነጥቃ ስለ እኔ አሜን አለች።

ምክንያት ነበራት ይሉኛል። ካደግሁ በኋላ ነው የነገሩኝ፤ ባሏ አዲስ አበባ ውስጥ ጫት ቤት ተቀምጦ በካርታ መኖሪያ ቤታቸውን አስበልቶ፣ እሷን ከነዕቃዋ መንገድ ላይ ጥሏታል። ይሁን። ምክንያት የሌለው ሰው አላውቅም። እኔም አለኝ።

አባቴ የመጣው ፀሐይ ወጥታ ከጣራው ላይ ውኃ መንጠባጠብ ሲጀምር ነው። ከሆቴሉ የተረፈ ዳቦ ይዞ፣ ጢሙን ሳይላጭ፣ ገና በሩ ላይ ሆኖ እየሳቀ ገባ። ቤቱ እንዴት እንደሚሸት ያስተዋለው ወዲያው ነው፤ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀርቶ ዓይኑ ወደ ምድጃው ሄደ። እኔ ግን ያየሁት ጃኬቱን ነው። የግራ ኪሱ ተወጥሯል፣ ማዕዘን አውጥቶ። ያንን ቅርጽ አውቀዋለሁ፣ እዚያም ተቀምጦ ካርድ አግኝቶልኛል።

«ልጅህን ካርታ ዘርግታ ያዝኳት» አለችው ወርቅነሽ ከሶፋው ላይ ሳትነሳ። «ጫት ቃሚዎቹ ምናምን ትለኛለች ደግሞ። ማን እንደ ሰጣት ብጠይቃት ዘጋችኝ። እስቲ አንተ ጠይቃት።»

አባቴ አየኝ። እኔም አየሁት። የቀረው ነገር ቀላል ነበር፤ እኔ ነኝ የሰጠኋት፣ ቀልድ ነው፣ ካርታ አይደለም፣ ማለት ብቻ። ያን ሁሉ ቀን ያልተናገርኩት እሱ እንዲናገረው ነበር። እጁ ወደ ኪሱ ሄደ። ያወጣዋል ብዬ አመንኩ። መዳፉን በኪሱ ላይ ዘረጋው፣ ቁስል እንደሚሸፍን ሰው፣ እዚያው ተወው።

«ሰናይት» አለኝ። «እትዬን ይቅርታ ጠይቂ። ጉልበታቸውን ሳሚ።»

«አባባ፣ አንተ ንገራቸው።»

«ሳሚ አልኩሽ።»

ሳምኩ። ቀሚሷ በካርዶቼ ጭስ ይሸት ነበር። እጇን ራሴ ላይ ጭና መረቀችኝ፤ ምርቃቱ ረጅም ነበር፣ አባቴም ቆሞ አሜን አለ። ከዚያ የእትዬን መኪና በረዶው ለቆት እንደሆነ ልየው ብሎ ወጣ። በመስኮቱ አየሁት። በሚቀልጠው በረዶ ላይ እየተጠነቀቀ እስከ ቆሻሻው ገንዳ ሄደ፣ ከኪሱ አውጥቶ ጣለው፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ ትንሽ ቆመ።

በዚያ ገበያ የማይፈለጉ ካርዶች ነበሩ፣ ዛሬም አይፈለጉም። ኮምፒዩተር ላይ በሳጥን ሙሉ ይሸጣሉ፤ ብፈልግ ነገ ደጄ ላይ ይደርሳሉ። አልፈልግም። ሳጥኑ ውስጥ ብቆፍር የማገኘው የማላውቃቸውን ሰዎች ነው። የጠፋብኝ ስም የሚያወጣው ሰው ነው። ከዚያ በኋላ አባቴ ለምንም ነገር ስም አላወጣም። ከዓመት በኋላ ከወርቅነሽ ቤት ወጥተን የራሳችንን ተከራየን፣ የመጀመሪያ መኪናውን ገዛ፤ አንዱ በሯ ቀይ፣ ሌላው ሁሉ ቡናማ፣ ስትነሳ የምታጓራ መኪና። ድሮ ቢሆን በር ሳትደርስ ስም ታገኝ ነበር። «መኪናው» ነበር የሚላት። ሰኑም አላለኝም።

ይቅርታ በጠየቅሁ ማግስት ጠዋት ሁለቱ ሻይ ሲጠጡ ወጣሁ። ወርቅነሽን፣ «ደህና አደርሽ?» አልኳት። ማንኪያዋ ብርጭቆው ውስጥ ቆመ። ወደ አባቴ ዞርኩና፣ «እርስዎስ፣ ደህና አደሩ?» አልኩት። እሱ መልስ ከመስጠቱ በፊት ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

እሷን በእንግዳ ፊት፣ በጸሎት ቡድኑ ፊት፣ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አንቺ እላት ነበር። ሰዎቹ የአሜሪካ ልጅ ናት፣ አማርኛው ጠፍቶባት ነው፣ ብለው ያጽናኗታል። አባቴን ደግሞ እርስዎ ስለው ይገረማሉ፤ በዚህ አገር አድጋ አባቷን የምታከብር ልጅ ከየት ይገኛል፣ ምን ብለህ አሳደግሃት፣ ይሉታል። አንገቱን ይደፋል። ሁለቱም እስኪሞቱ ድረስ እንደዚያው ጠራኋቸው።